24 እንቁላል ቀቅዬ 19ኙ ሲላጥ ተቆራረሰብኝ

ያን ቀን ጠዋት አንድ ሰው ነግሮኝ ቢሆን ኖሮ እያልኩ እስካሁን እበሳጫለሁ። ለዚህ ነው የምጽፈው።

እንግዶች ነበሩብኝ። 24 እንቁላል ቀቅዬ፣ ለሁለት ለሁለት ሰንጥቄ ሳህን ላይ ልደረድር ነበር ሐሳቤ። ጥሩ ነገር ላቅርብ ብዬ በዚያው ቀን የተጣለ እንቁላል ፈልጌ አመጣሁ። ብዙ የምግብ አሠራር መመሪያ እንደሚለው በቀዝቃዛ ውሃ ጣድኩት። ሲፈላ እሳቱን አጥፍቼ፣ ከድኜ 12 ደቂቃ ተውኩት። ለመላጥ ይረዳል ስለተባለ ጨውም አቼቶም ጨምሬበታለሁ። የተባልኩትን አንድም አላጎደልኩም።

ከዚያ መላጥ ጀመርኩ። የመጀመሪያው ቅርፊት ነጩን ይዞ ተነሳ። ሁለተኛውም እንደዚያው። ሦስተኛው ላይ አስኳሉ ታየ። በጥፍሬ ቀስ ብዬ ላነሳው ስሞክር ቅርፊቱ ይደቅቃል፣ ከስሩ ያለው ስስ ሽፋን ደግሞ በሙጫ የተለጠፈ ይመስል ከነጩ አልላቀቅ ይላል። ምናልባት ቸኩዬ ይሆናል ብዬ ረጋ አልኩ፤ ባሰበት። በቧንቧ ውሃ ስር ሞከርኩ፣ በማንኪያ ሞከርኩ፣ እንግዶቹ ሊደርሱ ነው፣ እኔ እዚያው ቆሜያለሁ። ከ24ቱ ሰው ፊት የሚቀርብ 5 ብቻ ተገኘ። የቀረውን ከትፌ አቀረብኩት። ማንም ምንም አላለኝም፣ ግን አፈርኩ።

ምክንያቱን ያወቅኩት በኋላ ነው። አዲስ የተጣለ እንቁላል ነጩ ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አለ። ቀናት ሲያልፉ ጋዙ በቅርፊቱ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ይወጣል፣ ከ8 በታች የነበረው የነጩ ፒኤችም (የአሲድነት መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲድነቱ ይበዛል) ወደ 9 እና ከዚያ በላይ ይወጣል። ፒኤቹ ገና ዝቅ ባለበት ሰዓት ከተቀቀለ ነጩ ከሽፋኑ ጋር ይጣበቃል። ቀዝቃዛው ውሃ ደግሞ የባሰ ነው። ቀስ እያለ ሲሞቅ ነጩ ለመጣበቅ ጊዜ ያገኛል። የፈላ ውሃ ውስጥ ሲገባ ግን የውጭው ነጭ ሳይጣበቅ ቶሎ ይረጋል። ሁለቱንም ስህተት በአንድ ቀን ነው የሠራሁት። የሚያናድደኝ ደግሞ ያ መመሪያ ስለ እንቁላሉ ዕድሜ አንድ ቃል አለመናገሩ ነው።

አሁን ሳምንት ወይም 10 ቀን ፍሪጅ ውስጥ የቆየ እንቁላል ነው የምቀቅለው። ውሃው መጀመሪያ ይፈላል፣ ከዚያ እንቁላሉን በጭልፋ ቀስ አድርጌ አወርዳለሁ። እሳቱን ትንሽ ቀንሼ አስኳሉ እንዲጠነክር 12 ደቂቃ አቆየዋለሁ። ከፍታ ቦታ ላይ ውሃ ከ100 ዲግሪ በታች ስለሚፈላ አንድ ሁለት ደቂቃ ጨምሩ። እንቁላሉ ይሰነጠቃል ብለው የሚያስፈራሩ አሉ። አልፎ አልፎ አንዱ ይሰነጠቃል፣ እውነት ነው። ይሰንጠቅ! 19 ከሚቆራረስ አንዱ ቢሰነጠቅ ይሻለኛል።

እንደወጣ በረዶ ያለበት ውሃ ውስጥ 10 ደቂቃ። ይህን አትዝለሉት። ድስቱ ውስጥ ከተተወ መብሰሉን ይቀጥላል፣ የነጩ ድኝና የአስኳሉ ብረት ተገናኝተውም አስኳሉ ዙሪያ ያ አረንጓዴ ቀለበት ይወጣል። ስትልጡ ከወፍራሙ ጫፍ ጀምሩ። እዚያ ትንሽ የአየር ክፍተት ስላለ ጣት ከሽፋኑ ስር በቀላሉ ይገባል። ጨውና አቼቶ? እኔ ትቻቸዋለሁ።

ባለፈው ሳምንት 12 ላጥኩ። አንዱ ብቻ ትንሽ ተቦጨቀ፣ ሌሎቹ ልስልስ ብለው ወጡ። ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም። የዚያን ቀን እንግዶች ቅዳሜ ደግመው ይመጣሉ። እንቁላሉን ከ8 ቀን በፊት ገዝቼ ፍሪጅ አስገብቻለሁ።