ምስሉ ለምን ዘገየ? ከከበሮና ከኮምፒውተር ጋር የተማርኩት

አራት ነን። ሦስታችን መቺዎች፣ አንዷ ምስል ሠሪ። የኤሌክትሮኒክሱ ጣጣ እኔ ላይ ወደቀ። ያሰብነው ነገር ሲያወሩት ቀላል ነው። ከበሮ ሲመታ ድምፁ እዚያው በኮምፒውተር ተለውጦ ይወጣል፣ ከኋላችን ሸራው ላይ ምስል ይፈነዳል። ሁሉም በቀጥታ፣ ቀድሞ የተቀረጸ ምንም ሳይኖር።

በየከበሮው ቆዳ ጠርዝ ላይ ፒዬዞ ለጠፍን። ሳንቲም የምታክል ስስ ክብ ናት፤ ንዝረትን ወደ ኤሌክትሪክ ትቀይራለች። የምትሰማው የተለጠፈችበትን ነገር ስለሆነ እንደ ተራ ማይክ ቶሎ አታፏጭም። ግን ድምፅን ወደ ኮምፒውተር የሚያስገባው ሳውንድ ካርድ ላይ ስሰካት የከበሮው ድምፅ ቆርቆሮ ሆኖ ቁጭ አለ። ሁለት ቀን ሙሉ ቆዳ ሳጠብቅና ሳላላ ዋልኩ። ጥፋቱ የቆዳው አልነበረም። ፒዬዞ 1 ሜጋኦም ገደማ ኢምፒዳንስ (ለኤሌክትሪክ ምልክት የሚያሳየው ተቃውሞ) ያለው መግቢያ ትፈልጋለች፤ ያለዚያ ባሱ፣ ማለትም ወፍራሙ ድምፅ፣ ይጠፋል። ለጊታር የተሠራውን መግቢያ ስጠቀም ሆዱን የሚያንቀጠቅጠው ድምፅ ተመለሰ።

ቀጥሎ መዘግየት መጣ። ኮምፒውተሩ ድምፁን በሰከንድ 48,000 ጊዜ ይለካል፤ እያንዳንዱ ልኬት ሳምፕል ይባላል። ሳምፕሎቹን ባፈር በሚባል ማቆያ እያጠራቀመ ነው የሚሠራባቸው፤ ባፈሩ 512 ሳምፕል ከሆነ እሱ ብቻ 10.7 ሚሊሰከንድ ይወስዳል። ለመቺ ይህ ብዙ ነው፤ እጅህ የሌላ ሰው እጅ ይመስልሃል። ወደ 64 ሳወርደው ላፕቶፑ ድምፁን ይቆራርጥ ጀመር። ምስሉን ለሌላ ላፕቶፕ ሰጥተን 128 ላይ ረጋን፣ 2.7 ሚሊሰከንድ። ድምፅ በአየር ላይ አንድ ሜትር ለመሄድ 3 ሚሊሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። ስፒከሩን አንድ እርምጃ ወደኋላ እንደማራቅ ማለት ነው፣ ማንም አያስተውለውም።

ምስሉ ግን እምቢ አለ። በሰከንድ 60 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ቢሆንም አንዱ ፍሬም ብቻ 16.7 ሚሊሰከንድ ነው፤ ፕሮጀክተሩም የራሱን ይጨምርበታል። ሳምንታት ታገልነው። አንድ ቀን የልምምዳችንን ቪዲዮ ስናይ የጓደኛችን እጅ ላይ ዓይኔ አረፈ። ዱላውን አንስቶ ሸራው ብልጭ እስኪል ይጠብቃል፣ ከዚያ ይመታል። ከበሮውን ትቶ ሸራውን ሲያጅብ ነበር። ምስል ሠሪያችን፣ «ከአሁን በኋላ ሸራውን አትዩ፤ እኔ ነኝ እናንተን የማያችሁ» አለች። ጀርባችንን ሰጠነው። ምስሉም ምቱን ማሳደድ ትቶ ከምቱ በኋላ የሚቀረውን ንዝረት እንዲከተል አደረግን። የሳምንታት ጭንቀት በአንድ ምሽት ለቀቀን።

ሌላው ውሳኔ የራሴ ነበር። እየመታሁ ድምፁን የሚለውጠውን ቁልፍ ማዞር አልቻልኩም፤ ሁለቱንም አበላሽ ነበር። በ1964 እ.ኤ.አ. ጀርመናዊው የሙዚቃ ደራሲ ካርልሃይንዝ ሽቶክሃውዘን ለአንድ ትልቅ ጎንግ (እየተመታ የሚጮህ ክብ የብረት ሳህን) ስድስት ሰው መድቦ ነበር፦ ሁለቱ ጎንጉን የሚያሰሙ፣ ሁለቱ ማይክ የሚያንቀሳቅሱ፣ ሁለቱ ፊልተር (ከድምፁ የተወሰነውን ክፍል የሚያሳልፍ መሣሪያ) የሚያዞሩ። ፊልተር የሚያዞረው እንደ መቺው እኩል ተጫዋች ነው። ይህን ሳውቅ ዱላዬን አስቀምጬ ቁልፉን ያዝኩ። ከበድ ብሎኝ ነበር፣ ግን ቡድኑ የተነፈሰው ያኔ ነው።

አሁን የምንለማመደው ዝምታውን ነው። እኛም ጎንግ አለን፤ አንዴ ይመታል። ድምፁ እየሳሳ ይሄዳል፣ ሸራው ላይ ያለችው ነጭ መስመርም አብራው ትቀጥናለች። እሷ እስክትጠፋ ማንም ዱላ አያነሳም።