የማርታ ክር በፕሎቭዲቭ

ከምኖርበት ከጀርመን ተነሥቼ ወደ ጥንታዊቷ የቡልጋሪያ ከተማ ወደ ፕሎቭዲቭ የሄድኩት የካቲት 21 ቀን 2015 ዓ.ም. ነበር። ዕለቱን የመረጥኩት ሆን ብዬ ነው፤ በማግስቱ፣ ለእኛ የዓድዋ ዋዜማ በሆነው በማርች 1፣ ቡልጋሪያውያን ባባ ማርታ፣ ማለትም አያት ማርታ፣ የሚሉትን በዓል ያከብራሉ። አያት ማርታ ሲከፋት ብርድ የምታመጣ፣ ስትስቅ ፀሐይ የምታወጣ አሮጊት ናት ይባላል፤ እርሷን ደስ ለማሰኘትና ጤና ለመመኘት ሰዉ ማርቴኒሳ የሚባለውን፣ ከነጭና ከቀይ ክር የተገመደ ጌጥ በእጁ ያስራል ወይም በደረቱ ላይ ይሰካል።

ከሶፊያ በአውቶቡስ ሁለት ሰዓት ያህል ተጉዤ እንደ ደረስኩ የመጀመሪያው ስሕተቴ ታወቀኝ። ማደሪያ የተከራየሁት በአሮጌው ከተማ ኮረብታ ላይ ሲሆን መንገዱ ወጣ ገባ ድንጋይ የተነጠፈበት አቀበት ስለሆነ፣ ጎማ ያለውን ሻንጣዬን ተሸክሜው ወጣሁ። ወደዚያ የሚሄድ ሰው በጀርባ የሚታዘል ቦርሳ ቢይዝ ይሻለዋል።

ሁለተኛው ስሕተቴ መቸኮሌ ነው። ከተማዋን የመቄዶንያው ዳግማዊ ፊልጶስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ይዞ በስሙ ፊሊፖፖሊስ አሰኝቷት ነበር፤ ከሮማውያን የቀረው ቲያትር እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ተቆፍሮ ከወጣ በኋላ ዛሬም ኦፔራ ይታይበታል፤ እ.ኤ.አ. በ1847 የተሠራው የአንድ ነጋዴ መኖሪያ ደግሞ አሁን የባህል ሙዚየም ነው። ይህን ሁሉ በግማሽ ቀን ሮጬ ጨረስኩትና ከፎቶ በቀር የያዝኩት ነገር አልነበረም። የአገሩ ሰዎች ያለመቸኮልን ጠባይ አይሊያክ ይሉታል፤ ቃሉን የሰማሁት ግን ከሮጥኩ በኋላ ነው።

ወቅቱ ዐቢይ ጾም ነበር። የእነርሱ ጾም ገና በዚያው ሳምንት ሰኞ ሲገባ እኛ አንድ ሳምንት ቀድመን ጀምረን ነበርና፣ አይብና እንቁላል ያለበትን ባኒጻ የተባለ መጋገሪያ መብላት አልቻልኩም። ዳቦ ሻጩን የጾም ካለ ብጠይቀው ራሱን ግራና ቀኝ ወዘወዘ፤ አመስግኜ በባዶ ሆዴ ወጣሁ። ማታ ግን ለብዙ ዓመት ጀርመን የሠሩት አከራዬ እየሳቁ አስረዱኝ፤ በቡልጋሪያ ይህ ውዝዋዜ «አዎ» ማለት ነው፤ «የለም» የሚባለው ደግሞ ራስን ወደ ላይ ቀና በማድረግ ነው። ለካ ዱባና ለውዝ የተሞላበት የጾም ባኒጻ ነበረው! ከዚያ ወዲህ ጭንቅላት ማየቱን ትቼ «ዳ» ወይም «ኔ» የሚለውን ቃል መጠበቅ ጀመርኩ።

በበዓሉ ጧት በቅዱስ ቆስጠንጢኖስና በቅድስት እሌኒ ስም ወደ ታነጸው ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ፤ የደመራዋን እሌኒ ሥዕል እዚያ ማየት ለእኔ ዘመድ ቤት የመግባት ያህል ነው። ሻማዬን ከታች ባለው አሸዋ ላይ ልተክል ስል አንዲት እናት እጄን ያዝ አድርገው ወደ ላይኛው መደብ መሩት። የታችኛው ለሙታን፣ የላይኛው ለሕያዋን ነው፤ ሻማው ደግሞ በሕይወት ላለችው እናቴ ነበር።

ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ ከመንገድ ላይ ማርቴኒሳ ገዝቼ እጄ ላይ አሰርኩና ወደ ቤት ተመለስኩ። አከራዬ አይተው ዝም አሉ፤ ከዚያም የእኔን ፈትተው የራሳቸውን እያሰሩልኝ «ቼስቲታ ባባ ማርታ»፣ እንኳን ለባባ ማርታ አደረሰህ፣ አሉ። ማርቴኒሳ የሚሰጥ እንጂ ለራስ የሚገዛ አይደለም። ወዲያው ወጥቼ ዐሥር ገዛሁና ለዳቦ ሻጩም፣ ለጎረቤቶችም አደልኩ፤ የከተማዋ ሰዎች ያወሩኝ፣ ቡና የጋበዙኝና ስለ ልጆቻቸው የነገሩኝ ያን ጊዜ ነው። ደግሜ ብሄድ ቢያንስ ሃያ ይዤ እወጣለሁ።

ክሩ የሚፈታው ሽመላ ወይም ያበበ ዛፍ ሲታይ ሲሆን፣ ከተፈታ በኋላ በዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ይታሰራል። በመጨረሻው ምሽት አከራዬ በአንገቴ ያለውን ማተብ አይተው «ይህንንስ መቼ ትፈታዋለህ?» አሉኝ። «ይህ አይፈታም» አልኳቸው። ራሳቸውን ቀስ ብለው ግራና ቀኝ ወዘወዙ፤ እኔም አልተሳሳትኩም።