ወንጌል በደቅ ደሴት

ከባሕር ዳር ወደ ደቅ የሚሄደው ጀልባ ጭነት አያጣም። የስኳር ጆንያ፣ የዘይት ጀሪካን፣ ቆርቆሮ፣ ከገበያ የሚመለሱ ሴቶች ከነዘንቢላቸው። የእኛ ካርቶኖች በላስቲክ ተጠቅልለው በዚያ መካከል ተቀምጠዋል፤ ውስጣቸው የአማርኛ አዲስ ኪዳን ነው። ከሰዓት በኋላ የጣና ነፋስ ስለሚበረታ ጉዞው የተጀመረው በማለዳ ነው። ዘጌን ወደ ግራ ትተን ስናልፍ አጠገቤ የተቀመጡ አዛውንት ካርቶኑን በከዘራቸው ነካ አደረጉና «መጽሐፍ ነው አሉ። መልካም ነው ልጄ፤ ግን ለእኛ ማን ያነብልናል?» አሉኝ።

ደቅ ቅዱስ መጽሐፍ ያልደረሰበት ምድር አይደለም። በጣና ደሴቶች አድባራትና ገዳማት ውስጥ የብራና ወንጌልና ዳዊት ለዘመናት ተጠብቀው ኖረዋል። እዚያው ደቅ ላይ እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ዘመን ያሠሯት ናርጋ ሥላሴ አለች። የመቅደሷ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች በሥዕል የተሸፈነ ነው። እዚያ ቆሜ አንዲት እናት ልጃቸውን በእጃቸው እየመሩ ከልደት እስከ ስቅለት ያለውን በሥዕሉ ቅደም ተከተል ሲነግሩት ሰማሁ። አንድም ቦታ አልተደናቀፉም። ፊደል ያልቆጠሩ ሰው ወንጌልን እንዲህ አሳምረው ሲተርኩ ስሰማ ያን ግድግዳ ላሠሩትና ለሣሉት ምስጋና አቀረብሁ። ከደቅ ጎን ወዳለችው ዳጋ እስጢፋኖስ ግን ሴቶች ስለማይገቡ፣ እኒህ እናት የዚያን ገዳም ቅርስ የሚያውቁት በወሬ ብቻ ነው።

በቅዳሴ ላይ መልእክታቱና ወንጌሉ በግእዝ ከተነበቡ በኋላ በአማርኛ ተደገሙ። የዕለቱ ወንጌል ስምዖን ጴጥሮስ ሌሊቱን ሙሉ ደክሞ አንድ ዓሣ ሳይዝ ያደረበት ታሪክ ነበር። ጉባኤው በግእዙ ጊዜ በጸጥታ ቆሞ ሰማ፤ በአማርኛው ጊዜ ግን ከወንዶቹ በኩል «እውነት ነው!» የሚል ድምፅ ተሰማ። መረብ ጥለው ባዶ እጃቸውን የተመለሱ ሰዎች ናቸው። ለእነርሱ ይህ የሩቅ አገር ታሪክ ሊሆን አይችልም።

ከሰዓት በኋላ ከአንድ የመጻሕፍት መምህርና ከደቀ መዛሙርታቸው ጋር በዛፍ ጥላ ሥር ተቀመጥን። ስለ አባ አብርሃም፣ አውሮፓውያን አቡ ሩሚ ስለሚሏቸው ሰው ነገርኋቸው። ሙሉውን መጽሐፍ ቅዱስ ወደ አማርኛ የመለሱት እኒህ ሰው የጎጃም ተወላጅ ናቸው። በካይሮ ከፈረንሳዩ ቆንስል ከአስላን ዴ ሸርቪል ጋር በየሳምንቱ ማክሰኞና ቅዳሜ እየተቀመጡ ዐሥር ዓመት ያህል ሠሩ፤ በእጃቸው የጻፉት ከ9 ሺህ ገጽ ይበልጣል። ሥራውን ጨርሰው ብዙም ሳይቆዩ በወረርሽኝ ሞቱ። የብሪታንያና የውጭ አገር መጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር ጽሑፉን ገዝቶ ወንጌላቱን በ1824፣ ሙሉውን መጽሐፍ በ1840 እ.ኤ.አ. አሳተመው። የታተመ መጽሐፋቸውን ለማየት አልታደሉም። ከተማሪዎቹ አንዱ «የጎጃም ሰው ሆነው እንዴት ስማቸውን ሳንሰማ ቀረን?» ሲል የእኔም ቁጭት ያው ነበር። በየቅኔ ቤቱ ስማቸው ሊነሣ የሚገባ ሰው ናቸው።

መምህሩ ካርቶኖቹን ሲያዩ ደስታቸውን አልሸሸጉም፤ ስጋታቸውንም እንዲሁ። በሐዋርያት ሥራ የተጻፈው ኢትዮጵያዊ ጃንደረባ በሠረገላው ላይ ኢሳይያስን ያነብብ እንደነበር፣ ፊልጶስ ሲጠይቀው ግን የሚመራው ሰው ከሌለ እንዴት ሊያስተውል እንደሚችል መመለሱን አስታወሱኝ። «የኔታ፣ ጃንደረባው እኮ መጽሐፉ በእጁ ባይኖር ጥያቄውም ባልመጣለት ነበር» አልኋቸው። ፈገግ ብለው «እሱስ ልክ ነህ፤ እንግዲያው ሁለቱም ይሁኑ» አሉ። አሁንም የማምነው ይህንኑ ነው። አንድምታ፣ ማለትም የቅዱሳት መጻሕፍትን ትርጓሜ፣ የሚያውቅ መምህር ባለበት አገር መጽሐፍን ብቻ አድሎ መመለስ ግማሽ ሥራ ነው፤ መጽሐፉን በቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት መቆለፍ ደግሞ ከዚያ የባሰ ነው።

ስለዚህ እደላው በቤት ተደረገ። ማንበብ የሚችል ተማሪ ያለበት ቤት ቅድሚያ አገኘ፤ ተማሪውም ማታ ማታ ለቤተሰቡና ለጎረቤት ጮክ ብሎ ሊያነብ ተስማማ። ያልገባቸውን ጥያቄ ሰብስበው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለመምህሩ ያቀርባሉ። የጀልባው አዛውንት የወሰዱት አዲስ ኪዳን በልጅ ልጃቸው እጅ ነው፤ ስድስተኛ ክፍል ናት፤ እዚያው ፊታችን የማቴዎስን የመጀመሪያ ምዕራፍ፣ ያን ሁሉ የትውልድ ስም፣ ሳትሳሳት ዘለቀችው።

አረጋውያን እናቶች ግን ሌላ ጥያቄ አላቸው፦ ዳዊት በአማርኛ፣ ፊደሉ የጎላ። ዓይናቸው ለደከመ ደግሞ በስልክ የሚደመጥ ንባብ፤ ስልኩን በፀሐይ ኃይል የሚሞላ ጎረቤት አለ፣ የሚጎድለው ንባቡ የተጫነበት ሜሞሪ ብቻ ነው። ዲያቆኑ የጠያቂዎቹን ስም ዝርዝር በደብተር ወረቀት ጽፎ ሰጥቶኛል። ዳዊቱን ገዝቶ፣ ንባቡን በሜሞሪ ጭኖ ለመላክ የሚችል ሰው ካለ፣ ባሕር ዳር ወደብ ላይ ለደቅ ጀልባ ተረካቢዎች ቢሰጥ ይደርሳቸዋል።