ሰዓቱን ልመን ባለቤቴን?

መስቀል አደባባይ ደረጃ ላይ ሶስተኛውን ዙር ስወጣ ነው ደረቴን ጭምድድ ያደረገኝ። ግራ ክንዴም ከበደኝ። ዕድሜዬ 56 ነው፣ ግፊትም ስኳርም አለብኝ። አሰልጣኙ በድምፅ ማጉያው «ጋሼ፣ አይዞን! መድኃኒቱ ላብ ነው!» ይለኛል። ልጄ ከአሜሪካ የላከልኝን የእጅ ሰዓት አየሁት፤ የልብ ምቴ 108 ነው ይላል። እሱ ካልደነገጠ እኔ ምን አስደነገጠኝ ብዬ አንድ ዙር ጨመርኩ። ጅልነቴ!

በማግስቱ ሐኪሙ ክኒኖቼን አንድ በአንድ አየና «ሜቶፕሮሎል እየዋጡ በሰዓት ይተማመናሉ?» አለኝ። ለካ መድኃኒቱ የልብ ምትን ዝቅ አድርጎ ይይዛል። ልቤ ተጨንቃም ቁጥሩ ላይወጣ ይችላል። ያ የልብ ምትን ጣሪያ ለማወቅ ከ220 ላይ ዕድሜን ቀንስ የሚባለው ሒሳብም ለእኔ ቢጤው አይሆንም። የልብን ምት የሚመዘግበውን መሣሪያ (ኢሲጂ) አስረው ማሽን ላይ አራመዱኝ፣ መድኃኒቴን አስተካከሉ።

ስፖርት ተው ይለኛል ብዬ ስጠብቅ «ይሂዱ እንጂ፣ ግን እያወሩ» አለኝ። ልኩ ማውራት የሚያስችል፣ መዝፈን ግን የማያስችል እርምጃ ነው። በሳምንት 150 ደቂቃ።

ጠንከር ያለው ስፖርት ለልብ ሕመምተኛ መርዝ ነው ማለት ግን አይደለም። በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣ የኖርዌይ ጥናት 4,846 የልብ ሕመምተኞችን ተከታትሏል። በጠንካራው ልምምድ 46,364 ሰዓት ውስጥ ልባቸው ድንገት የቆመው ሁለት ሰዎች ናቸው፣ ሁለቱም ተርፈዋል። በመካከለኛው 129,456 ሰዓት ውስጥ ደግሞ አንድ ሰው፣ እሱ አልተረፈም። ይህን ሳነብ ትንሽ ልቤ አበጠ፣ እውነቴን ነው። ግን እነዚያ ማገገሚያ ማዕከል ውስጥ፣ ባለሙያ እያያቸው የሠሩ ናቸው። እኔን ሲያየኝ የነበረው ድምፅ ማጉያ ነው።

ሶስት ወር ሜዳ ሜዳውን ብቻ ተራመድኩ። አሁን ሐኪሙ ፈቅዶልኝ ደረጃውን በዝግታ እሞክራለሁ፣ ከባለቤቴ ጋር። እሷ ስለ ጤፍ ዋጋ ታወራለች፣ እኔ እመልሳለሁ። ትናንት ሰባተኛው ረድፍ ላይ መልሴ «እህ» ብቻ ሲሆን ወሬዋን አቋርጣ ቁጭ አለች።

«ደከመሽ?» አልኳት።

«እኔማ ምን ሆኜ!» አለችና ውኃውን አቀበለችኝ።