ሲኤንኤ (የነርስ ረዳት) ሆኖ ላለመቅረት

ዌልፌር (የመንግሥት ድጎማ) የሚለውን ቃል ሐበሻ ሲጠራው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። እኔም እንደዚያ ነበርኩ። ቤተ ክርስቲያን የማገኛቸው ሴቶች የት እንደምሠራ ሲጠይቁኝ «ልጄ ገና ትንሽ ናት» ብዬ ወሬ እቀይር ነበር። 2016 ነው፤ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ። ልጄ ሁለት ዓመቷ ነበር። የምንኖረው በየወሩ ኢቢቲ በሚባለው የድጎማ ካርድ ላይ በምትገባ ገንዘብና በፉድ ስታምፕ (የምግብ ድጎማ) ነው።

አሳይለሜ (የጥገኝነት ጥያቄዬ) ጸድቆልኝ ስለነበር ነው ያገኘሁት። በዲቪ የመጣ ሰው በአብዛኛው አምስት ዓመት መጠበቅ ነበረበት። ታዲያ ገንዘቡ ዝም ብሎ አይሰጥም። ፕሬዚዳንት ክሊንተን በ1996 የፈረሙት ሕግ፣ ወይ ሥራ ወይ ለሥራ ዝግጅት ይላል። ከፌደራሉ ካዝና ደግሞ በዕድሜ ልክ ከ60 ወር በላይ የለም። ጥቂት ቤተሰቦች ብቻ ናቸው ከዚያ የሚያልፉት።

ኬዝ ወርከሬ፣ ቢሮው ውስጥ ፋይሌን የያዘችው ሠራተኛ፣ መጥፎ ሰው አልነበረችም። ግን ቸኩላለች። «ሆቴል ጽዳት አለ፣ ሰኞ ጀምሪ» አለችኝ። ሀገር ቤት አካውንታንት እንደነበርኩ ነገርኳት። ፈገግ ብላ ኮምፒውተሯ ላይ አቀረቀረች። ወረፋ ላይ የተዋወቅኳት ኤርትራዊት ናት ያዳነችኝ። «ስልጠና እፈልጋለሁ በያት። ካልጠየቅሻት አትነግርሽም» አለችኝ። ተመልሼ ገባሁና ጠየቅኩ። ወረቀቱ መሳቢያ ውስጥ ነበር! የሲኤንኤ ስልጠና፣ ዩኒፎርም፣ የፈተና ክፍያ፣ ልጄን የሚይዝልኝ ዴይ ኬር፣ ሁሉንም ይከፍላሉ።

ክፍል ስንገባ አስተማሪያችን ጃማይካዊት ነበረች፤ ቀልድ አታውቅም። የፌደራሉ ሕግ ቢያንስ 75 ሰዓት ይላል፤ ቨርጂኒያ ከዚያ በላይ ትጠይቃለች። ሰው ተኝቶበት አልጋ ማንጠፍ፣ ወገቡ ላይ ቀበቶ አስሮ ሰው ማንሳት፣ ሽንት በሚሊሊትር መለካት፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ ማጠብ። የመጀመሪያ ቀን አፈርኩ። ዲግሪዬ ትዝ አለኝ። በኋላ ግን አባቴ ትዝ አለኝ። ሆስፒታል ተኝቶ ሦስት ሳምንት አስታምሜዋለሁ። ያጠብኩት፣ ያገላበጥኩት፣ ያበላሁት እኔ ነበርኩ። እኛ ሀገር ይህ የዘመድ ሥራ ነው፤ አስታማሚ ከሌለህ አለቀልህ። እዚህ አስታማሚነት ፈቃድና ፈተና አለው፣ ለዚያውም በሰዓት ይከፈልበታል። ከዚያ ወዲያ አላፈርኩም።

ፈተናውን ግን መጀመሪያ ወደቅኩ። አምስት ነገር ሠርተሽ ታሳያለሽ፤ አንዱ እጅ መታጠብ ነው። ሃያ ሰከንዱን በልቤ ቆጥሬ ጨረስኩ። ስለቃለቅ ጣቴ ገንዳውን ነካ። ፈታኟ ያላየች መስሎኝ ቀጠልኩ። «ነክቻለሁ፣ እንደገና ልታጠብ» ብል ማረም ይፈቀድልኝ ነበር። ዝም በማለቴ ነው የወደቅኩት። ሁለተኛው ላይ አለፍኩ።

ነርሲንግ ሆም (የአረጋውያን መንከባከቢያ) ገባሁ፣ በሌሊት ሺፍት። ስለ ድካሙ የሠራ ያውቀዋል፤ ወገብ ነው የሚጨርሰው። የሚገርመኝ ሌላው ነው። ደመወዝ ተጨመረልኝ። ኦቨርታይምም ገባሁ። የዌልፌሩ ጥሬ ገንዘብ ቀድሞ ቆሞ ነበር። ቀጥሎ ፉድ ስታምፑ ቀነሰ፤ ለዴይ ኬር የምከፍለው ድርሻዬ ደግሞ ጨመረ። የሂሳብ ሰው ነኝና አንድ ሌሊት በእረፍት ሰዓቴ ገቢና ወጪውን ወረቀት ላይ አወረድኩት። ከጭማሪው በፊት የተሻለ ይተርፈኝ ነበር። ሦስት ጊዜ ደመርኩት።

ያኔ ገባኝ፤ ሲኤንኤ ላይ ከቆምኩ እዚያው ነኝ። ቢሮው የሚያውቀው የመጀመሪያዋን ደረጃ ብቻ ነው። የራሱ ምክንያት አለው። በሕጉ የሙያ ትምህርት ብቻውን እንደ ሥራ ግዴታ የሚቆጠረው 12 ወር ነው። በ12 ወር ደግሞ ማንም ከዜሮ ተነሥቶ አርኤን (ሙሉ ነርስ) አይሆንም። ስለዚህ አጭሯን ስልጠና ሰጥተው ፋይሉን ይዘጋሉ። ከ2010 እስከ 2021 ዌልፌር ላይ ያሉና ገቢያቸው ዝቅ ያለ ሰዎችን በጤና ሙያ ደረጃ በደረጃ ለማሳደግ የታሰበ የፌደራል ገንዘብ ነበር። ለእኔ አልደረሰኝም፤ መኖሩንም የሰማሁት ዘግይቼ ነው።

ሌላም ማንም ያልነገረን ነገር ነበር። አብራኝ የምትሠራ የጎንደር ልጅ ስልጠናውን ከኪሷ ከፍላ ነው የተማረችው። ሜዲኬር ወይም ሜዲኬይድ የሚባሉትን የመንግሥት የጤና መድኖች የሚቀበል ነርሲንግ ሆም በጨረስሽ በ12 ወር ውስጥ ከቀጠረሽ፣ ገንዘብሽ እንዲመለስልሽ የሚያዝ የፌደራል ደንብ አለ። ቢሮ ሄዳ ስትጠይቅ «እንዲህ ያለ ነገር አናውቅም» አሏት። ደንቡን አትመን ይዘን ተመለስን። ከወራት በኋላ ተከፈላት። ደረሰኟን ባትይዝ ኖሮ ግን ምንም የለም።

እኔ ፋፍሳ (የፌደራል የትምህርት እርዳታ ማመልከቻ) ሞላሁ። አሳይለም የጸደቀለት ሰው ፔል ግራንት (የማይመለስ የትምህርት እርዳታ) ያገኛል፤ ይህንንም የነገረኝ አንድ ታክሲ ነጂ ነው፣ ቢሮው አይደለም። ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ማታ እየተማርኩ፣ ቅዳሜና እሁድ ደብል እየሠራሁ ኤልፒኤን (በሲኤንኤና በአርኤን መካከል ያለውን የነርስነት ደረጃ) ጨረስኩ። ከሦስት ዓመት በላይ ፈጀብኝ። ልጄን አብዛኛውን ማታ የያዙልኝ ጎረቤቴ እትዬ ናቸው፤ ገንዘብ ስሰጣቸው ይቆጡኝ ነበር። ደግሞም በየወሩ በርበሬ ሲያስፈጩ እኔን ነው የሚልኩት፤ ሂሳባችን እንደዚያ ነበር።

አሁን መድኃኒት የማድለው እኔ ነኝ። በሰዓት የማገኘው ሲኤንኤ ሆኜ ከማገኘው ብዙ ይለያል፤ ፉድ ስታምፕ ከተሰናበትኩ ቆየሁ። ለአርኤን እየተዘጋጀሁ ነው፣ የቀረኝ አናቶሚ ነው። ልጄ አሥራ አንድ ሞላት። ማታ ማታ የአጥንት ስም የምትጠይቀኝ እሷ ናት። ትናንት የእጅ አንጓ ላይ ስንደርስ ጣለችኝ፤ እንደገና ከትከሻ አስጀመረችኝ።