ከአባዬ ጋቢ የተረፈ

እህቴ ልጇን ይዛ ከኮምቦልቻ ልትከርም መጣች። ኮምቦልቻ ሞቃት ነው። ደሴ ግን ጠዋት ጠዋት ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ብርድ ጣት ያደነዝዛል። ለሕፃኗ ወፍራም የአልጋ ልብስ ልሰፋላት ተነሳሁ።

ጎረቤታችን እትዬ ቁርጥራጩን አዩና፣ «ልጄ፣ ለእንግዳ ድሪቶ ትሰፊያለሽ?» አሉኝ። «ድሪቶስ ድሪቶ ነው እትዬ፣ ያማረ ይሁን እንጂ» አልኳቸው።

ለውስጡ የአባዬን አሮጌ ጋቢ ወሰድኩ። ጋቢ 4 ድርብ ስለሆነ ሌላ ጥጥ አያስፈልገውም። መሀሉ ሳስቷል፤ ዳርና ዳሩ ግን አዲስ ነው። እሱን ቆርጬ ገጣጠምኩት። ለላዩ ከሰኞ ገበያ ልብስ ሰፊዎች እራፊ ለቀምኩ። እያንዳንዱን 12 በ12 ሴንቲ ሜትር ቆረጥኩ፤ በየጎኑ 1 ሴንቲ ለስፌት ይገባል። 10 በ10 ሲገጠም ልክ 1 ሜትር ሆነ። መቶ ቁራጭ! ወገቤ ይመስክር።

የስፌት መኪናዬ የእግር ናት፣ የአያቴ። ጋቢው ላይ ስትደርስ 14 ቁጥር መርፌ ቀጭ አድርጋ ሰበረች። በ16 ቀየርኩላትና መዘውሩን በእጄ እያዞርኩ ቀስ ብዬ አለፍኩት።

ጉዱ የመጣው ሲታጠብ ነው። ባለሱቁ «ወላሂ አይለቅም» ያለኝ ቀይ ጨርቅ ለቀቀ። ሳልቆርጠው በፊት ነከር አድርጌ ማየት ነበረብኝ፤ ቸኮልኩ። ነጩ አቡጀዲ አንድ ጥጉ ሮዝ ሆነ። ተናድጄ ልፈታው ስል ሕፃኗ ያንኑ ጥግ አፏ ውስጥ ከታ ተኝታለች።

እትዬ ትናንት መጡ። ለአረፋ ለልጅ ልጃቸው አንድ እንድሰፋላቸው ይፈልጋሉ። ባለ ሮዝ ጥግ።