ዳውላታባድና ኤሎራ በአንድ ቀን አይሆኑም

በህንድ ማሃራሽትራ ግዛት ከአውራንጋባድ ከተማ (አሁን በይፋ ቻትራፓቲ ሳምባጂናጋር ትባላለች) 15 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘውን የዳውላታባድ አምባ ማየት ለሚፈልግ ሁሉ የሚሰጠው ምክር፣ መንገዱ አንድ ስለሆነ ኤሎራ ከሚባሉት ከአለት የተፈለፈሉ ጥንታዊ ቤተ መቅደሶች ጋር በአንድ ቀን ጨርሶ መመለስ ነው። እኔ ይህን ምክር አጥብቄ እቃወማለሁ።

መኪና መከራየትም ሆነ ትኬት መቁረጥ አላስቸገረኝም። ያንገበገበኝ ጉዞውን ያዘጋጀልን ሰው «ለአምባው አንድ ሰዓት ይበቃዋል» ብሎ ኤሎራን ማስቀደሙ ነው። በዚህ የተነሳ ከግርጌው የደረስነው ፀሐይ አናት በምትበሳበት ሰዓት ሲሆን፣ አብሮን የተላከው አስጎብኚ ገና ከመጀመሪያው በር ሰዓቱን ማየት ጀመረ። ወራሪን ለማዘግየት የተሠራ አምባ ጎብኚንም ማዘግየቱ አይቀርም። ዝሆን በግንባሩ ገፍቶ እንዳይሰብራቸው ሹል ብረት የተተከለባቸው በሮች አሉ፤ ከዚያ ዙሪያውን ከአለት ተፈልፍሎ የወጣው ጥልቅ ቦይ ይመጣል፤ ቦዩን ከተሻገሩ በኋላ ደግሞ «አንዴሪ» የሚባለው ጠመዝማዛ የጨለማ መተላለፊያ ይጠብቃል። ጠላት እዚህ ውስጥ ሲደናበር ተከላካዮቹ በላይኛው መውጫ እሳት አንድደው በጭስ ያፍኑት ነበር።

አስጎብኚያችን ይህን ከመንገር ይልቅ መሀል ላይ ስንደርስ ባትሪውን አጠፋ። የሌሊት ወፎች ከራሳችን በላይ ይንጫጫሉ፤ ደረጃው ወጣ ገባ ከመሆኑም በላይ በኩሳቸው ያንሸራትታል። መጀመሪያ ጨለማውን ሊያሳየን መስሎኝ ነበር፤ ባትሪውን መልሶ ያበራው ግን ከተስማማንበት ዋጋ ሌላ ጉርሻ ከጠየቀና ካገኘ በኋላ ነው። ከዚያም ጫፍ ለመድረስ ጊዜ የለም ብሎ መለሰን።

ከሁሉ የባሰው ግን ስለ ኢትዮጵያዊው የጦር መሪ ስለ ማሊክ አምባር ስጠይቀው የሰጠኝ መልስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1327 ሱልጣን ሙሐመድ ቢን ቱግሉቅ ዋና ከተማውን ከዴልሂ ወደዚህ ማዛወሩን ደጋግሞ ነገረኝና አለፈው። ከኢትዮጵያ በባርነት ተሽጦ ሄዶ የአህመድናጋር መንግሥት እንደራሴ የሆነው፣ ሰሜን ህንድን ይገዙ የነበሩትን የሙጋሎች ጦር ለዓመታት በደፈጣ ውጊያ ያስጨነቀው፣ አውራንጋባድንም በፊት ስሟ ኻድኪ ብሎ የቆረቆራት ሰው ለኢትዮጵያዊ ጎብኚ አንድ ዓረፍተ ነገር እንኳ አላስገኘለትም። መቃብሩ በአምባውና በኤሎራ መካከል ባለችው በኩልዳባድ ነው፤ ሾፌሩ ስንሄድም ስንመለስም ሳይቆም አለፋት።

ስለዚህ በሌላ ቀን ብቻዬን ተመለስኩ። የመረጥኩት ማክሰኞን ነው፤ ኤሎራ በዚያ ቀን ዝግ ስለሆነ ማንም ወደዚያ ሊያጣድፈኝ አይችልም። ጠዋት በሩ ሲከፈት ገብቼ፣ በራሴ የእጅ ባትሪ ጨለማውን አልፌ፣ በሙጋሉ ንጉሥ በሻህ ጃሃን ስም ከሚታወቀው የላይኛው ሰገነት ደረስኩ፤ ከዚያ ቁልቁል በ15ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራው ቻንድ ሚናር የተባለው ረጅም ማማ ቀጥ ብሎ ይታያል። ከሰዓት በኋላ ኩልዳባድ ሄጄ እ.ኤ.አ. በ1626 ያረፈው ማሊክ አምባር የተቀበረበትን ጉልላት ያለው ሕንፃ ማንም ሳያዋክበኝ ዞርኩት። ጉዞ አዘጋጁ በዚህ ቅደም ተከተል አልስማማም ካለ ሌላ መኪና ይፈለግ።